በኢሜይል የሄደው ድንጋይ

በ2006 ዓ.ም. ጥር አጋማሽ፣ እሑድ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ እስቴ ወረዳ መካነ ኢየሱስ ከተማ ውስጥ፣ ሦስት ሽማግሌዎች አይተነው ለማናውቅ፣ ባሕር ማዶ ለሚኖር ሰው የእርቅ ቃል በኢሜይል ላክን። ከሦስቱ አንዱ እኔ ነበርኩ።

በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ጎርፍም፣ ምርጫም፣ የድልድይ ምረቃም ዘግቤያለሁ። ሰዎች “ከሁሉ የማትረሳው የቱን ነው?” ሲሉኝ ግን የምነግራቸው በአንድም ጋዜጣ ላይ ያላወጣሁትን ይህንን ነው። ያላወጣሁት ራሴው ስለገባሁበት ነው። ለዘገባ አይሆንም፤ ለገጠመኝ ግን ይሆናል።

ያን ሰሞን ስለ ስንዴ ምርት ልዘግብ ሄጄ ያረፍኩት እህቴ ወርቄ ቤት ነበር። ልጇ ሙሉጌታ ሠላሳ ዓመት ሞልቶታል፤ በከተማው ኮምፒውተር ያስተምራል። ከትምህርት ሰዓት ውጪ ደግሞ ሌላ፣ ደመወዝ የሌለው ሥራ አለው። ዳታቤዝ ከሚሠሩ ሰዎች ጋር ይሠራል።

ዳታቤዝ መረጃ ተቀብሎ በሥርዓት የሚያኖር፣ ሲጠየቅም ፈልጎ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ሙሉጌታ የተማሪዎቹን ውጤት የሚያስቀምጠው በዚሁ ነው። ይህኛው ዳታቤዝ ግን የአንድ ሰው ንብረት አይደለም። ኮዱ ለማንም ክፍት ነው፤ ኦፕን ሶርስ ይሉታል። የሚያሻሽሉት በየአገሩ ያሉ፣ አብዛኞቹ ተያይተው የማያውቁ በጎ ፈቃደኞች ናቸው።

መካነ ኢየሱስ ላይ መብራት ይጠፋል። ድንገት ጠፍቶ ሲመለስ ዳታቤዙ ያለውን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይፈትሽ አይከፍትም ነበር። ፍተሻው ሳያልቅ ደግሞ መብራቱ ተመልሶ ይሄዳል። ሙሉጌታ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ለፍቶ፣ ፕሮግራሙ በመጨረሻ ካረጋገጠው ቦታ ላይ እንዲነሣ የሚያደርግ ማሻሻያ ጽፎ ለጓደኞቹ ላከ።

ቅዳሜ ምሳ ላይ ልጁ እጁን ከትሪው ቶሎ አነሣ።

“ምን ሆኖ ነው?” አልኳት እህቴን፣ ሲወጣ ጠብቄ።

“አንድ ትልቅ ሰው ተቀይመውታል አሉ፤ የፈረንጅ አገር ሰው። ይኸው ሳምንቱ፣ እህል አይል፣ ውኃ አይል።”

እህቴ ነገር ሲበላሽ አይታ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ ከከተማ ዞሬ ስመለስ ሁለት ሰዎች መደቡ ላይ ተቀምጠው አገኘሁ። አንዱ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ይኄይስ ናቸው፤ ከተማው ሁሉ “የኔታ” ይላቸዋል። ሁለተኛው አቶ ደስታው ይባላሉ። ከከተማው ወጣ ብሎ ገብስና ስንዴ የሚያርሱ፣ የተጣላ ሰው ሲኖር መጀመሪያ የሚጠሩ ገበሬ ናቸው።

“ሦስተኛ ሽማግሌ ጎድሎን ነበር። አንተ የሰውዬውን ቋንቋ ትችላለህ፤ ተቀመጥ” አሉኝ የኔታ።

“የኔታ፣ እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። አያለሁ እንጂ አልገባም።”

“ሽማግሌስ ምን ይሠራል? አይቶ አይደል የሚናገረው?” አሉና አቶ ደስታው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

ተቀመጥኩ።

ሙሉጌታ ተጠርቶ ፊታችን ቆመ።

“በል እስቲ፣ ምን በድለህ ነው?” አሉት የኔታ።

“አልበደልኩም፣ የኔታ። ሥራዬን ላክሁ፤ ቪክቶር የሚባሉ ሰው ‘አይሁን’ አሉ።”

“የእነሱ ዳኛ እሱ ነው?”

“ዳኛ የላቸውም።”

“ጭቃ ሹምስ?” አሉ አቶ ደስታው።

“እሱም የላቸውም።”

“እንግዲያ ሁሉም እንዳሻው ገብቶ የሚያርሰው ማሳ ነዋ!”

“አይደለም፣ አያ ደስታው። አንዱ የሠራውን ለሁሉም ይልካል። ሁለት ሰዎች አንብበው ‘ይሁን’ ማለት አለባቸው። አንድ ሰው እንኳ ምክንያቱን ተናግሮ ‘አይሁን’ ካለ፣ ሠሪው እስኪመልስለት ሥራው ይቆማል። እስከተቆረጠው ቀን ካልመለሰ ደግሞ ትቶታል ይባልና ይዘጋል።”

“የተቆረጠው ቀን መቼ ነው?” አልኩት።

“ነገ።”

“መልሰህላቸዋል?”

አንገቱን ደፋ። “እንዴት ብዬ፣ ጋሼ? ሥራውን ያስተማሩኝ እኮ እሳቸው ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ለጠየቅኋቸው ሁሉ ሳይሰለቹ መልሰውልኛል። አሁን በሰው ሁሉ ፊት ‘አይሁን’ አሉ። ምን አፍ አለኝ? ዝም አልኩ።”

ነገሩ የገባኝ ይሄኔ ነው። እኛ ዘንድ ትልቅ ሰው ሲቆጣ ልጅ ዝም ይላል፤ ዝምታው አክብሮት ነው። እነሱ ዘንድ ዝም ያለ ሰው ሥራውን እንደተወ ይቆጠራል። ሙሉጌታ ሲያከብር የዓመት ልፋቱ ሊዘጋ አንድ ቀን ቀርቶታል።

“የተባልከውን አምጣና ይነበብ” አሉ የኔታ።

ሙሉጌታ ላፕቶፑን አመጣ። ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከግድግዳው ካልተሰካ አይነሣም። መልእክቱን ሳልጨምር ሳልቀንስ ወደ አማርኛ መለስኩት፤ “አይሁን። ሥራው መልካም ነው። ነገር ግን መብራት በመሀል ሲጠፋ የሰው መረጃ እንደማይበላሽ የሚያሳይ ሙከራ አብሮት የለም። ያንን ሳላይ አልቀበልም።”

ሁለቱ ሽማግሌዎች ተያዩ።

“ስድቡ የት ላይ ነው?” አሉ የኔታ።

“እኔም ቁጣውን ፈልጌ አጣሁት” አሉ አቶ ደስታው።

“‘አይሁን’ ይላል እኮ!” አለ ሙሉጌታ።

የኔታ ሳቁ። “አንተ ልጅ፣ ቅኔ ቤት ብትገባ በሳምንትህ ትጠፋ ነበር። ተማሪ ቅኔውን ሲያቀርብ ‘እዚህ ላይ ጎድሏል፣ ሂድና ሙላ’ እንለዋለን። ዝም ያልነው ቀን ነው ተስፋ የቆረጥንበት።”

“እንግዲያው ጠብ የለም፤ ራሱ ይመልስላቸው” ብዬ ልነሣ ስል አቶ ደስታው ክንዴን ያዙኝ።

“ተቀመጥ! ሽማግሌ ከተሰየመ ወዲያ እንዲሁ አይበተንም። ደግሞስ ልጁ ጥፋት የለውም? መምህሩ ጠይቆት ሳምንት ሙሉ አልመለሰም። ድንጋይ ይሸከም።”

“አያ ደስታው፣ ድንጋይ በኢሜይል አይሄድም።”

“አንተ እዚህ ትሸከማለህ፤ መሸከምህን እኛ እንመሰክራለን። ምስክርነት ይሄድ የለም?”

እህቴ ከጓዳ የወፍጮውን መጅ ይዛ መጣች። ሙሉጌታ፣ የኮምፒውተር መምህሩ፣ መጁን ማጅራቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ። መሸከሙን በዓይኔ አይቻለሁ። ፊቱን ወደ መሬት አድርጎ ሳቁን ሲታገልም አይቻለሁ፤ ሳምንቱን ሙሉ ጥርሱ ሲታይ የመጀመሪያው ነበር ትላለች እናቱ።

ምሕረቱ ሳይመጣ ድንጋይ አይወርድምና ክርክር ተነሣ። መልሱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። የኔታ ብያኔ ሰጡ፤ “በከረጢት ይያዘው። ሲያድርም ከራስጌው ይደር። አልወረደም ማለት ነው።”

አራታችንም መጁን ይዘን እሑድም ወደማይዘጋው ኢንተርኔት ቤት ሄድን። እኔ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የእርቁን ቃል መጻፍ ጀመርኩ። ሙሉጌታ አጠገቤ ላፕቶፑን ሰክቶ ሙከራውን ሊያዘጋጅ ተቀመጠ።

“ይሄ ነገር ምን ቢሰጡት ነው የሚያስቀምጠው?” አሉ አቶ ደስታው።

“የፈለጉትን። የእርስዎን በሬዎች ላስገባ?”

“አስገባ! ቦራ በል።”

ሙሉጌታ ጻፈ። ማሽኑ መግባቱን አረጋገጠ።

“ዳለቻ።”

እሱም ገባ።

“ወይኖ። ወይኖ እንኳ ገና ያልተገራ ወይፈን ነው። ግድ የለም፣ ይግባ።”

ሙሉጌታ የወይኖን ስም ጽፎ ሳያስገባ መብራት ጠፋ። የእኔም ጽሑፍ አብሮ ሄደ።

“ኧረ በሬዎቼን!” አሉ አቶ ደስታው፣ ብድግ ብለው። ቤቱ ሁሉ ሳቀ።

ሻይ አዘዝን። እየጠጣን ሳለ መብራቱ መጣ። ሙሉጌታ ላፕቶፑን አስነሣ። በድሮው አሠራር ቢሆን የያዝነውን ጨርሰን ሌላ ማዘዝ ነበረብን። ይህኛው ግን ሻያችን ሳይበርድ ተከፈተ። ሙሉጌታ ጠየቀው። በአቶ ደስታው ትከሻ ላይ ተንጠራርቼ ያነበብኩት ይህንን ነው፤ ቦራ። ዳለቻ። ሦስተኛው አልገባም።

“ወይኖ አልገባም አለ?” አሉ አቶ ደስታው።

“አዎ። ጀምረን አልጨረስንም ነበርና።”

አቶ ደስታው ማሽኑን እንደ ሰው ትኩር ብለው አዩት። “የገባውን ገባ፣ ያልገባውን አልገባም አለ። ወይ ጉድ! እኛ እኮ እንዲህ ያለ ምስክር አጥተን ነው በዛፍ ሥር ስንጨቃጨቅ የምንውለው።”

ሙሉጌታ ግን አልሰማቸውም። ዓይኑ በርቷል። “ጋሼ፣ ሙከራው ይሄው ነው!” አለኝ። “የጠየቁኝ ይሄንኑ ነው! እኛ ጋ መብራቱ ራሱ ይሞክርልናል!” ወዲያው የሦስቱን በሬዎች ነገር፣ ስማቸውን በፊደላችን እንደተጻፈ ሳይነካ፣ መብራት የጠፋበትን ቅጽበት በማንም ኮምፒውተር ላይ በሚደግም ሙከራ መልክ አሰናዳው።

እኔም የጠፋውን እንደገና ጻፍኩ። የኔታ እየተናገሩ፣ እኔ ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ያለቀው ቃል እንዲህ ይላል፤ “ለተከበሩ አቶ ቪክቶር። እኛ ሦስት ሽማግሌዎች ስለ ልጃችን ስለ ሙሉጌታ ቆመናል። ዝም ያለው ንቆዎት አይደለም፣ አክብሮዎት ነው። በአገራችን ወግ ድንጋይ ተሸክሟል፤ አይተናል። የጠየቁት ሙከራ ከዚህ ጋር ነው። ልጃችንን ይማሩልን።” ስሜ እንዳይገባ ለመንኩ። ከሁለቱ ስም ቀጥሎ “አንድ ጋዜጠኛ” ተባልኩ።

ላክነው፤ እንደ ደንባቸው ለሁሉም ደረሰ።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው አውቶቡስ መሳፈር ነበረብኝ። አልተሳፈርኩም። ኢንተርኔት ቤቱ ሲከፈት የኔታም አቶ ደስታውም ከእኔ ቀድመው በር ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ሙሉጌታ ከረጢቱን በትከሻው አንጠልጥሎ ከኋላዬ ነበር።

መልስ መጥቷል። የመጀመሪያዋን መስመር ጮክ ብዬ አነበብኩ፤

“ለሦስቱ ሽማግሌዎች። ከሁሉ በፊት እባካችሁ ድንጋዩን አውርዱለት።”

ንባቤን አቆምኩ። ድንጋይ የተሸከመን ሰው አውርዱለት የሚለው የተበደለው ወገን ነው፤ ወጉ እንዲህ ነው። ይህን ግን በጻፍነው ውስጥ አልገለጽነውም።

“ማን ነገረው?” አሉ አቶ ደስታው በሹክሹክታ።

“የጨዋ ልጅ ነው፤ ለጨዋ አይነገርም” አሉ የኔታ። “አውርድ፣ ልጄ።” ሙሉጌታ መጁን ከከረጢቱ አውጥቶ መሬት ላይ አኖረው።

ቀጠልኩ። “አልተቀየምኩም። ሙከራ የጠየቅሁት እኔ ባለሁበት ከተማ መብራት ስለማይጠፋ ነው። ገመድ እየነቀልኩ ብሞክርም እንደ እውነተኛው አልሆነልኝም። የበሬዎቹን ሙከራ ደጋግሜ አየሁት፤ ይሠራል። ስለዚህ ‘ይሁን’ ብያለሁ። ሽማግሌ ተልኮልኝ አያውቅም። ዕድሜዬ ሃያ ሦስት ነው።”

“ስንት?” አለ ሙሉጌታ።

“ሃያ ሦስት።”

የኔታ ጥምጥማቸው እስኪንሸራተት ሳቁ። “ታናሽህን ነው ‘እሳቸው፣ እሳቸው’ እያልክ ስትንቀጠቀጥ የከረምከው!”

“መጁ ገና ከእጃችን አልወጣም፤ አሁን ደግሞ ለዚያኛው እንላክለት እንዴ?” አሉ አቶ ደስታው።

ከመልሱ ሥር የሌላ አገር በጎ ፈቃደኛ የሆነች ሴት ጽፋለች፤ “ሙከራውን አየሁት። ይሁን። ለእኔም ሽማግሌ ይላክልኝ።” ሁለተኛው “ይሁን” እሱ ነበር። የሙሉጌታ ሥራ በዚያው ቀን ገባ። ወርቄ ዶሮ አረደች፤ ልጁም ትሪውን እስኪጠርግ ድረስ በላ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ዘገባ ሠርቻለሁ፤ ያን እሑድ ያህል ያሳቀኝ ግን የለም። ዛሬም በእነ ሙሉጌታ የጋራ የመልእክት መድረክ ላይ ሁለት ሰዎች አልግባባ ሲሉ ከመሀል አንዱ “ሽማግሌ ይላክ” ብሎ ይጽፋል። ሙሉጌታ ሲነግረኝ ማረጋገጥ ስለነበረብኝ መልእክቶቹን አስከፍቼ አንብቤያለሁ።

በሌላ ዓመት፣ በእርሻ ወራት፣ እንደገና መካነ ኢየሱስ ሄጄ ነበር። አቶ ደስታው ማሳ ላይ ወይኖ ተገርቶ ከዳለቻ ጋር ተጠምዶ ሲያርስ አየሁ። ማታ ሙሉጌታ የማሻሻያውን መዝገብ በአዲሱ ኮምፒውተሩ ከፈተልኝ። ሠሪ፣ ሙሉጌታ። “ይሁን” ካሉት አንዱ፣ ቪክቶር። ከስማቸው ሥር በሌሎቹ ማሻሻያዎች ላይ የማይገኝ አንድ መስመር አለ፤ አስታራቂዎች፣ መሪጌታ ይኄይስ፣ አቶ ደስታው እና አንድ ጋዜጠኛ።

ሙከራውንም አስጀመረልኝ። የመጣው መልስ ይህ ነው፤ ቦራ። ዳለቻ። ሦስተኛው አልገባም።