ድፎ ነው ያልነው አገልግል

እኔን ብሎ የአውሮፕላን ነገር አዋቂ። ከአዘዞ ወዲያ ረግጬ የማላውቅ፣ ፊደል ቢደረደርልኝ ከቁራ እግር የማልለይ ሴት፣ ሰው ልሸኝ ብዬ ድመት ላሳፍር ተነሣሁ። ምን አገባሽ የሚለኝ አላጣሁም፤ ጆሮዬ ግን ያን ጊዜም እንዳሁኑ የሚሰማው ደስ ያለውን ብቻ ነው።

ነገሩ የባሌ አክስት ነገር ነው። አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። እንቅርትማ በኛ አገር ማን የሌለው አለ፤ ማተብ ሲታሰርበት ጌጥ ይመስል ነበር። የሷ ግን ወደ ውስጥ ዞረና ትንፋሿን ያዘው። ጋደም ማለት አቃታት፤ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ነው የምታነጋ። ስትተነፍስ የአንጥረኛ ወናፍ ይመስል ነበር። አዲስ አበባ ወታደር የሆነ ልጅ አላት፤ ሐኪም ቤት ደጅ ጠንቶ፣ «ይቆረጥላታል፣ ግን ቶሎ ትምጣ፤ በማኪና መንገዱን አትችለውም» ብሎ የአውሮፕላን ቲኬት ሰደደ።

አክስትየው አውሮፕላን የምታውቀው በጣሊያን ጊዜ ነው፤ ሲያጓራ ቋጥኝ ስር ገብታ። «ያን ሁሉ የሸሸሁትን ሆዱ ውስጥ ግቢ ትሉኛላችሁ?» አለች። እሱን በስንት ልመና እሺ አሰኘናት። ከዚያ ደግሞ የድመቲቱ ነገር መጣ። ሴት ልጇ በወሊድ ስትሞት ከአልጋዋ ስር የቀረች ድመት ናት፤ አክስትየው አሳድጋት ከጉያዋ አትለያትም።

«እትዬ፣ ድመቲቱን እኔ አበላታለሁ» አልኳት።

«አንቺ? አንቺ ባልሽንም በቅጡ አታበዪው።»

«እሱማ መቼ አይጥ ይይዝልኛል።»

ሳቀች። ሳቁ ሳል ሆነና ፊቷ ጠቆረ። ትንፋሿ ሲመለስ፣ «እሷ ካልሄደች አልሄድም። እዚያ ብሞት እንኳ የልጄ ሽታ አጠገቤ ይሁን» አለች።

እንግዲህ አውሮፕላን ድመት ያስገባል፣ አያስገባም፣ ማን ይወቅ። ከትክል ድንጋይ ለገበያ የሚመጡ፣ አያ የምንላቸው ሽማግሌ አንዴ ተሳፍረው ያውቃሉ። «ሰውን እንደ እህል ይመዝኑታል» አሉን። ይችን ይዘን ፈረድን፤ ሰው እየመዘነ የሚያስገባ፣ ድመት ሊያስገባ? አንዳችንም ሄደን እንጠይቅ አላልንም። ወንበርና ማኅተም ያለበት ደጅ ሁሉ ከጠየቁት «አይሆንም» ነው የሚል፤ እንዲህ ነው ያደግን። አገልግሉን ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሰርጌ አገልግል፣ ቆዳው ገና ሸጋ፣ ክዳኑ በጠፍር ሲታሰር ጥርቅም የሚል። ስንቅ የያዘ መንገደኛ ማን ይጠረጥራል? ድመቲቱን ወተት አጥግበን ከተትናት።

አዘዞ፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ ተሳፋሪው ሜዳው ዳር ተራ ይዞ ቆሟል። አክስትየው አገልግሏን እንዳቀፈች ሚዛኑ ላይ ወጣች። የሚጽፈው ሰው ገና ወጣት ነው፤ ትሁት።

«እናቴ፣ ምን ይዘዋል?»

ዋሽታ የማታውቅ ሴት፣ «ዳቦ ነው» አለች።

ዝም ብል ምን ነበረበት። «ድፎ ነው፤ በኮባ የተጋገረ፣ ለልጇ» አልኩ።

ከኋላችን አንድ ቄስ ነበሩ፤ እሳቸውም ሊሳፈሩ ነው፤ ከንፈራቸው ደርቆ፣ ዳዊታቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው። ድፎ ሲባል ሲሰሙ ፊታቸው በራ። ድፎ ደግሞ ቄስ እያለ ሳይባረክ አይቆረስም።

«ሸጋ ነው። ባርከን ቀማምሰን ብንወጣ ምን አለ? ሰማይ ላይ የሚሆነውን አናውቅ» አሉ።

ፈርቶ የቆመው ሁሉ ተሰበሰበ። አንዱማ ለቁራሹ እጁን ዘርግቷል።

«አባ፣ የልጇ ስንቅ ነው» አልኩ።

«ተባርኮ ቢደርሰው አይጠላም።»

መስቀላቸውን አውጥተው ክዳኑ ላይ አሳርፈው አቡነ ዘበሰማያት ጀመሩ። የአክስትየው ትንፋሽ ሲፏጭ ይሰማኛል። ያን ጊዜ አገልግሉ ከውስጥ ተቧጨረ። ቄሱ ጸሎታቸውን አቆሙ።

«ይህ ድፎ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ገና አልበሰለም።»

ሰዉ ሳቀ፤ እኔም አብሬ ሳቅሁ። አክስትየው ግን አልሳቀችም። መቧጨሩ እየደከመ ሲሄድ እሷ ብቻ ሰምታለች፤ አየር ማጣት ምን እንደሆነ ታውቀዋለች። «ታፈነችብኝ» ብላ ጠፍሩን በገዛ እጇ ፈታችው። ድመቲቱ ብቅ ስትል የአውሮፕላኑ ሞተር ጮኸ። በቄሱ ክንድ ላይ ተረማምዳ ሣሩ ውስጥ ገባች።

ወጣቱ ሰው እኛንና ባዶውን አገልግል አየ።

«ምነው ድመት ናት አላላችሁኝም? ትንሽ እንስሳ ከሰው ጋር ትገባለች እኮ። መተንፈሻ ባለው ቅርጫት ሆና፣ ጭን ላይ ተይዛ፣ አስቀድሞ ለኛ ከተነገረ፣ ነጂውም ካወቀ፣ ሌላ ምን አለ? ዶሮም አሳፍረናል። እዚህ ውስጥማ መንገድ ላይ ትሞትባችሁ ነበር።»

አክስትየው ወደ ሣሩ ሄዳ መጣራት ጀመረች። መሮጥ አትችል፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ትቆማለች፣ ትተነፍሳለች፣ ትጣራለች። «እናቴ፣ አውሮፕላኑ አይጠብቅም» እያለ ያ ሰው ተከተላት። እኔ እጇን ያዝኳት፤ መንጭቃ አስለቀቀችኝ። አውሮፕላኑ ሲነሣ ጀርባዋን ሰጥታው ነበር። ድመቲቱንም ከዚያ ወዲህ ያያት የለም።

ልጇ እንደገና ቲኬት ሰደደላት። እምቢ አለች። «መስቀል ፊት ዋሽቼ አንገቴን ለቢላ አልሰጥም። አስቀድሞ ንስሐዬን ልጨርስ።» የነፍስ አባቷ፣ «የታመመ ሰው ስግደት የለበትም፤ ጸሎት ይበቃሻል፤ ሂጂና ታከሚ» አሏት። አልሰማችም። ግንባሯ መሬት ሲነካ እንቅርቱ ወደ ላይ ይገፋና ያንቃታል፤ ትነሣለች፤ ደግሞ ትሰግዳለች። «እትዬ፣ እግዜር እኮ አይቶሻል፤ አሁን ተቀመጪ» እላታለሁ፤ በእጇ ዝም በይ ትለኛለች። ንስሐዋን ጨረስኩ ስትል ክረምት ገባ፤ ሜዳው ጭቃ ሆነና አውሮፕላን መምጣቱ ቀረ።

በፍልሰታ ጾም፣ ግድግዳዋን እንደተደገፈች፣ «በሩን ክፈቱልኝ» አለች። በሩ ክፍት ነበር። እየደጋገመች ክፈቱልኝ አለች፤ እኔም እየተነሣሁ የተከፈተውን በር፣ ልክ እንደሚከፍት ሰው፣ ገፋ ገፋ አደረግሁላት። ረፋድ ላይ ድምፁ ቆመ። ያ ሁሉ ወናፍ ሲያቆም ቤቱ እንዴት ጭር እንዳለ።

ለቅሶ ላይ ሴቶቹ ቀኗ ደርሶ ነው፣ የታዘዘ ነው ይባባላሉ። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ «ነው» ብያለሁ። አጥር ለአጥር የምንኖር ጎረቤቴ እስክንጨርስ ጠበቀችና ወደኔ ዞረች።

«ይህን ያህል ሰው ሆናችሁ፣ ድመት ይገባል ወይ ብሎ የሚጠይቅ አንድ አፍ አጣችሁ?» አለችኝ።