ቀዩ የካንዴላ ገመድ

ልጄ ጉልበት ይጨምርላታል ብሎ አዲስ የካንዴላ ገመድ በገዛ እጁ ገጥሞልኝ የመኪናዬን ኮፈን ሲዘጋ፣ የአዲሱ ገመድ ሽታ አፍንጫዬን ሞላው። ወዲያው በልጅነቴ፣ እዚሁ ደብረ ታቦር፣ በአባቴ አሮጌ መኪና ውስጥ፣ በእሱና በእናቴ መካከል ተቀምጬ ራሴን አገኘሁት።

ያኔ ለጥምቀት ከአዲስ አበባ የመጣው አጎቴ፣ የአባቴ ታናሽ፣ ወፍራም ቀይ የካንዴላ ገመድና ለካንዴላው እሳት የሚሰጥ ትልቅ ቦቢና ይዞ መጣ። "ጋሼ፣ እሳቷ ሲበረታ ጉልበት ትጨምራለች" ብሎ ራሱ ገጠመላት። የመኪናዋ እሳት ግን ድሮም ደህና ነበር፤ የደከመው ሞተሯ ነው።

ልንሞክራት ወደ ገሳይ ወጣን። ዳገቱ ላይ እንደ ወትሮዋ አቃሰተች፤ አባቴም እንደ ወትሮው ማርሽ ቀነሰ። ከዚያ ወደ እናቴ ጠጋ ብሎ "ክብሪቱ ቢያምር ጭራሮው ያው ነው" አላት በሹክሹክታ። እኔ ጭራሮውን ፍለጋ እግሬ ስር አጎነበስኩ።

አጎቴ ከኋላ አንገቱን አስግጎ "እንዴት ናት ጋሼ?" አለ።

"ነፍስ ዘራች" አለው አባቴ።

አጎቴ እስከ ገሳይ ድረስ እያፏጨ ሄደ። ከመኪናው ስንወርድ እናቴ አጎቴ እንዳይሰማ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ምነው ዋሸኸው?" አለችው።

"አልዋሸሁም" አላት። "እሱ ነፍስ ሲዘራ አላየሽም?"

ይህ ነገር ለብዙ ዓመት አልገባኝም ነበር።

ዛሬ ከልጄ ጋር ያንኑ ዳገት ስንጀምር፣ ጆሮውን አቁሞ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጥ ነበር። መኪናዬ እንደ ወትሮዋ አቃሰተች፤ እኔም እንደ አባቴ ማርሽ ቀነስኩ።

"እንዴት ናት እማዬ?"

"ነፍስ ዘራች" አልኩት።

ማፏጨት ጀመረ።