በአባባ ደህናው ጆሮ በኩል

ልጅ ሳለሁ አያቴ የሚያወሩልን ስለ ጅብና ስለ ቀበሮ አልነበረም፤ ስለሚሠራና ስለሚያሠራ ሰው ነበር። አባባ ነበር የምንላቸው። ጉልበታቸውን የጨረሱት እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ነው። የማሽኑ ጩኸት ግራ ጆሯቸውን ወስዶት ስለነበር ጠይቆ መልስ የሚያገኘው በቀኛቸው የተቀመጠ ሰው ብቻ ነው። ያ ቦታ የኔ ነበር፤ ሠናይት እስክትመጣ ድረስ።

ሠናይት የጎረቤታችን የመሪጌታ ልጅ ናት፤ እኩያዬ። ያኔ ክረምቱ ሲወጣ እናቴ ወደ ማታ በረንዳው ላይ ከሰል አያይዛ የበቆሎ እሸት ትጠብስልን ነበር። ጭሱ የሐይቁን ቢንቢ ያርቅልናል፤ መብራት በጠፋ ቀንም ኩራዙ መስኮቱ ላይ ይቀመጥና የአባባን ፊት በግማሽ ያበራዋል። አንድ ምሽት ፍሙን ላራግብ ብድግ ባልሁበት ሠናይት በአጥሩ ክፍተት ገባች፣ ከእናቴ በቆሎ ተቀበለች፣ ማንንም ሳትጠይቅ የኔ ዱካ፣ ያቺ ዝቅ ያለች በርጩማዬ ላይ ቁጭ አለች።

አባባ የአባታቸውን ነገር እያወጉ ነበር። አባታቸው አንበሳሜ በሚባል አገር ሸማኔ ነበሩ። ርስት የላቸውም። «ቁጢት በጣሽ» እያለ በሸማኔነታቸው የሚሰድባቸው ሁሉ በዓመት በዓል የሚለብሰው እሳቸው የሸመኑትን ኩታ ነው፤ እሳቸው ግን የሚለብሱት የተጣፈ ነበር። ታሪኩን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የት ላይ እንደሚስቁ፣ የት ላይ እንደሚያስሉ ሳይቀር። ሠናይት በቆሎዋን ወደ አፏ ልታደርስ ስትል ገታ አድርጋ፣

«ታዲያ ሲሰደቡ ለምን ዝም አሉ? ሸማኔው ብዙ ነበር አይደል?» አለቻቸው።

አባባ ዞረው ትኩር ብለው አዩዋት። እኔን እንደዚያ አይተውኝ አያውቁም። ያን ሁሉ ጊዜ አጠገባቸው ተቀምጬ ይህን አንድ ጥያቄ ሳልጠይቅ ቀርቻለሁ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሁሉ ለሷ ሆነ። ነገሩን ከሩቅ ይጀምሩላታል፤ ባሕር ማዶ አንድ ጢማም ጀርመናዊ በሰው አገር፣ ልጆቹ በብርድና በራብ እየተንገላቱ፣ የዓለም ታሪክ ባላቸውና በሚሠሩላቸው መካከል ያለ ትግል ነው ብሎ እንደጻፈ፤ ያ ሐሳብ ከእጅ ወደ እጅ ሲሻገር ሩቅ አገር ንጉሥ እንደጣለ፤ ወደኛም ተማሪዎች በሸሚዛቸው ሥር በደበቁት ስስ ወረቀት እንደመጣ፤ በፋብሪካውም ከፈረቃ የወጡ ጥቂት ሠራተኞች አንድ ሾላ ሥር ተሰብስበው ሲነበብላቸው እንዴት እንዳለቀሱ። ሸማኔው አባታቸውም በስተርጅና፣ መሬት ለአራሹ ሲባል፣ መሬት ደረሳቸው። እርፍ መጨበጥ አያውቁም። ግን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ሲመለሱ ቁራሽ መሬታቸውን ዞረው፣ ደግመው ዞረው ነው ቤት የሚገቡ። አባባ ይህን ሲሉ ሳቁ፤ ሠናይትም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቅድመ አያትነታቸው ለኔ እንጂ ለሷ አልነበረም።

ቅናት ሆድ ውስጥ እንደሚፋጅ ያወቅሁት ያኔ ነው። ከትምህርት ቤት እየሮጥሁ መጥቼ ገና በፀሐይ ዱካዬን እይዛለሁ። እሷ ደግሞ ትመጣና መሬት ላይ ጉልበታቸው ሥር ትቀመጣለች፤ አባባ ጎንበስ ይሉላታል። ቦታውን ይዤ ጆሮውን አጣሁ። እናቴ በቆሎ ስታካፍል የከሰለውን እየመረጥሁ ለሷ አቀብል ነበር፤ እሷ እንደሆነ ልብ ሳትል ትበላዋለች።

አንድ ምሽት መሪጌታ ልጃቸውን ሊወስዱ ራሳቸው መጡ። የጨዋታውን መጨረሻ ደጅ ቆመው ሰምተውት ኖሯል።

«ጋሽ ደምሴ፣ አይቀየሙኝና የዚህ ትምህርት ሥሩ ቅናት ነው» አሉ። «የሰው አትመኝ የተባለውን ማፍረስ ነው።»

አባባ ፍሙን ቆሰቆሱ። «መሪጌታ፣ ቅናት ‹እሱ ለምን አለው?› ነው የሚል። የኛ ጥያቄ ‹እኔ የሠራሁት የት ሄደ?› የሚል ነበር። መጀመሪያ ላይ።»

«ኋላስ?»

«ኋላማ ተደባለቀብን። የቱ የቱ እንደሆነ መለየት አቃተን።»

«ይርጋንም የበላው ይኸው መደባለቅ ነው» አሉ መሪጌታ፣ ቀስ ብለው።

ይርጋ ማን እንደሆነ የሰማሁት ያን ምሽት ነው። የመሪጌታ ታናሽ ወንድም፣ የአባባ የፋብሪካ ጓደኛ፣ ሾላው ሥር ያነብላቸው የነበረው ልጅ። የመሬቱ አዋጅ ከታወጀ በኋላ አብረው ያነበቡት ሰዎች አብዮቱን ማን ይምራው በሚለው ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ሌላውን የመደብ ጠላት አለው። ይርጋን ከፈረቃ ሲወጣ የወዲያኛው ወገን ሰዎች ከፋብሪካው በር ላይ ወሰዱት። አልተመለሰም፤ እናቱም የሚቀብሩት አላገኙም።

አባባ እጃቸውን ሠናይት ራስ ላይ አደረጉ። «ይቺ ልጅ ስትጠይቀኝ እሱ የጠየቀኝ ይመስለኛል» አሉ። መሪጌታ ፊታቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ።

ማዘን ነበረብኝ፤ አዝኜማለሁ። ግን ያ የሚፋጀው ነገር ከሐዘኑ ሥር አልበረደም፤ ጭራሽ በሞተ ሰው ቀናሁ። በማግሥቱ ሠናይት ሳትመጣ በፊት በቀኛቸው ተጠጋሁና፣

«አባባ፣ እኔስ ማንን እመስላለሁ?» አልኋቸው።

«አንቺማ እኔን ነው የምትመስይ» አሉና ሳቅ አሉ። «ይርጋ ሲያነብ ሰው ሁሉ እሱን ነበር የሚያይ። እኔ ያኔ ፊደል አልለይም። እሱን እየወደድሁት ስንት ቀን ሆዴ እርር ሲል ቤቴ ገብቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ የከሰለውን በቆሎ ራሴ መብላት ጀመርሁ።

አባባ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። ሠናይት ዛሬ ኮሌጅ ውስጥ ታሪክ ታስተምራለች። በቀደም ክፍሏ ጋብዛኝ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ሰማኋት፤ መሬቱን ይዞር የነበረውን ሸማኔ እያወራች ነበር፤ ከአባባ ይበልጥ አሳምራ። ተማሪዎቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ቀጥሎ መጻፍ ጀመሩ። የኔን ቅድመ አያት ከሷ አፍ ሰማሁ።

ስንወጣ በሐይቁ ዳር አዘገምን። እናቶቻችን ልብስ ያጥቡበት የነበረው ዳርቻ ዛሬ የአንድ መዝናኛ አጥር ውስጥ ገብቷል። ቆም ብለን ውኃውን ስናይ ጥበቃው፣

«እዚህ መቆም አይቻልም» አለን።

«ለምን?» አለችው ሠናይት።

«እኔ ተቀጣሪ ነኝ፣ እህቴ» አለና መሬት መሬት አየ።

ከአጥሩ ወዲያ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ዓሣ ይበላሉ። የፈለግሁት ወንበራቸውን ይሁን ወይስ ዳርቻውን፣ ‹እነሱ ለምን አላቸው› እያልሁ ይሁን ወይስ ‹የኛ የት ሄደ›፣ ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። የምለይበት ቀን አለ፤ የማልለይበትም አለ። በሠናይት ግን አሁንም እቀናለሁ፤ ይህኛውን አልስተውም።