ሳያማት የፈነዳው የእህቴ ሲሊኮን

ሐኪሙ የአልትራሳውንዱን ስክሪን ወደ እኛ አዞረና «ሲሊኮኑ ፈንድቷል» አለን። ክው ብዬ ቀረሁ!

ታላቅ እህቴ ጡቷን በሲሊኮን ያስሞላችው ዱባይ ስትሠራ ነው። ዛሬ ከዳንግላ እንጅባራ ድረስ ጎትቼ ያመጣኋት የአንዱ ጡቷ ቅርጽ ተለውጦ ስላየሁ ነው። እሷማ «አላመመኝም፣ ተይኝ» ስትል ነበር።

«መቼ ፈነዳ?» አለችው እህቴ።

«አይታወቅም። ብዙ ጊዜ ሳያምም ነው የሚፈነዳው። አትደንግጪ፣ ግን በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት።»

ያስገቡላት ሰዎች «ዕድሜ ልክሽን አያስቸግርሽም» ብለዋት ነበር። ፍሪጅ እንኳ እንዲህ ያለ ዋስትና የለውም!

አሁን ሚኒባስ ውስጥ ነን። እጄን አጥብቃ ይዛ «ጻፊው፤ እንደ እኔ አላመመኝም ብላ የተቀመጠች ትኖራለች» አለችኝ።

እናንተስ፣ ሲሊኮን ያስገባችሁ እህቶች፣ ከዚያ ወዲህ ተመርምራችሁ ታውቃላችሁ? ምን አሏችሁ?