አሚን የተባለበት ቦኖ

ከሚሴ ቀና ማለት በጀመረችባቸው በእነዚያ ዓመታት የማይመረቅ ነገር አልነበረም። የኮብልስቶን መንገድ ተመረቀ። መናኸሪያው አጥር ተሠራለትና አጥሩ ለብቻው ተመረቀ። የመንገድ መብራት ምሰሶ ተመረቀ፤ አምፖሉ ሲመጣ ደግሞ አምፖሉ ተመረቀ። ከተማዋ በእርግጥ እየተለወጠች ነበር፣ ይህን አልክድም። በልጅነቴ የደሴና የአዲስ አበባ አውቶቡስ ለምሳ ቆሞ አቧራውን አልብሶን የሚሄድባት ቦታ ነበረች። አሁን ፎቅ ይሠራባታል፣ ባንክ ይከፈትባታል፣ አመሻሽ ላይ ሰው ወጥቶ ይንሸራሸርባታል። በለውጡ ቅር የሚለኝ ሰው አልነበርኩም፤ የሚያቃጥለኝ ዜናው ነበር።

ዜናውን የምጽፈው ደግሞ እኔ ነበርኩ። በአንድ የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ተቀጥሬ፣ ለሬዲዮ የሚላከውንና በገበያ ቀን በመኪና ላይ በተጫነ ሞንታርቦ በሁለት ቋንቋ የሚነበበውን የልማት ዜና አዘጋጅ ነበር። ነዋሪ አነጋግራለሁ። ነዋሪው «መንገዱ ጥሩ ነው፣ ግን ክረምት ሲመጣ ጎርፉን ቤታችን ውስጥ ይከተዋል» ይለኛል። እሱን ጽፌ እሰጣለሁ። ኃላፊዬ ከ«ግን» በኋላ ያለውን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ፣ «ነዋሪዎች ተጠቃሚ በመሆናቸው መደሰታቸውን ገለጹ» ብሎ ይመልስልኛል። እስክሪብቶው ሲያልቅ ሌላ ቀይ ያስመጣል። ሰማያዊ ተጠቅሞ አያውቅም።

አባቴ የሰፈራችን ሽማግሌ ነበሩ። ሼህ አልነበሩም፤ ቂርአቱን፣ የቁርአን ትምህርቱን፣ በልጅነታቸው ቢጀምሩትም እርሻው ጎትቶ አስቀርቷቸዋል። ነገር ግን ዱዓቸው ይደርሳል ይባል ስለነበር፣ የሚመረቅ ነገር ባለ ቁጥር ከሪባኑ በፊት የሚጠሩት እሳቸው ናቸው። ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። በእኛ አገር ዱዓው ሁለት ነው። ሥራ ሲነሳ የሚደረግ አለ፣ «አግራልን» የሚባልበት። ሥራ ሲያልቅ ደግሞ የሹክር ዱዓ ይደረጋል፤ አላህ ይመስገን ተብሎ፣ አሚን ተብሎ፣ መዳፍ ፊት ላይ ይታበሳል። ከዚያ በኋላ ያ ጉዳይ ተዘጋ። ድንበር የተጣሉ ወንድማማቾች ይሁኑ፣ ሰንበቴ ገበያ ላይ በግመል የተካሰሱ ነጋዴዎች፣ አሚን ያሉበትን መልሶ ማንሳት ነውር ነው። ላገኙት ጸጋ ካመሰገኑ በኋላ ጸጋውን እንደ መካድ ይቆጠራል። ልማዱን እወደዋለሁ። ባይኖር ኖሮ የጨፋ ሸለቆ ጠብ ማለቂያ አይኖረውም ነበር። ለቧንቧ ግን የተሠራ ልማድ አይደለም።

ዳገቱ ላይ ያለው ሰፈራችን ውሃ አልነበረውም። ሴቱ ጄሪካኑን አዝሎ ቁልቁል እስከ ቦርከና ወንዝ ይወርዳል፣ ዳገቱን እያቃሰተ ይመለሳል። ስለዚህ ቦኖ ሊሠራላችሁ ነው ሲባል ቧንቧው የሚቀበርበትን ቦይ የቆፈረው ነዋሪው ራሱ ነው፣ ያለ ክፍያ፣ እየዘፈነ። ከምረቃው በፊት በነበረው ቀን የውሃ ቦቴ ከማጠራቀሚያው ጋን አጠገብ ቆሞ አየሁና ኃላፊዬን ጠየቅኩት። «ጋኑ እየታጠበ ነው» አለኝ። አዲስ ጋን መታጠቡ አልከፋኝም።

በማግስቱ እንግዶች ከላይ መጡ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ቧንቧው ሲከፈት ውሃው ተንፎለፎለ። አባቴ ጠንቃቃ ናቸው፤ ያላዩትን አያመሰግኑም። ጠጋ ብለው በመዳፋቸው ቀድተው ጠጡ። ጺማቸውን ጠረጉና የሹክር ዱዓ አደረጉ። ሰፈሩ ሁሉ አሚን አለ፣ እኔም አልኩ፣ መዳፎቻችንን ፊታችን ላይ አበስን። በማግስቱ ጠዋት ሴቶቹ ጄሪካን ደርድረው ቧንቧውን ሲያዞሩት አየር ብቻ ተነፈሰ። ቦቴው የሞላው ውሃ አልቆ ነበር። ውሃ ወደ ጋኑ ሊያመጣ የነበረው መስመር ገና አልተነካም።

አሁን ሌላ አገር ቢሆን ሰው ተሰብስቦ ቢሮ ይሄዳል። የእኛ ሰፈር ጄሪካኑን አንስቶ ወደ ቦርከና ወረደ።

ጎረቤታችንን፣ ወገቧን የሚያማትን ሴትዮ፣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ሸክሟን አውርዳ ስታርፍ አገኘኋት። «እንዴት አትናገሩም? ነገ ተሰብሰቡና ቢሮ ሂዱ» አልኳት።

«ዱዓ ተደርጎበት?»

«ውሃ የለውማ።»

«ቢሻን ሂን ጅሩ፣ ውሃ እንደሌለው እኔም አውቃለሁ፣ የምሸከመው እኔ ነኝ» አለች። «ግን አሚን ብለናል። አላህ ይመስገን ብለን ስናበቃ፣ አልሰጠኸንም ብለን ልንከስ? አስተግፊሩላህ። አንቺ ትምህርት ቤት ገብተሽ ነው እንዲህ የምትይው።»

ቢሮ ገብቼ ለኃላፊዬ ነገርኩት። እሱም የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፣ ልማዱን ጠንቅቆ ያውቃል። «ከነዋሪው የመጣ ቅሬታ አለ?» አለኝ። የለም። «እንግዲህ» አለና ወደ ወረቀቱ ተመለሰ። እዚህ ስሄድ አሚን ብለናል፣ እዚያ ስሄድ ቅሬታ የለም። በሁለት ወፍጮ መሀል እንደ ገባ እህል ሆንኩ። ይባስ ብሎ ከሌላ ከተማ ሰዎች ለልምድ ልውውጥ መጥተው ቦኖውን ጎበኙ። ቧንቧውን ግን ማንም አልከፈተም። ዜናውን ጻፊ ተባልኩ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው፣ የእኛን ላም ግን ሊጎበኟት ይመጡ ነበር።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ወደ መስጊድ የሚሄዱበትን መንገድ ቀየሩ። በቦኖው በኩል አቋራጭ ነው፤ እሳቸው ግን በመቃብሩ ዞረው መሄድ ጀመሩ። አንድ ቀን ብልጭ አለብኝና «አባ፣ ይሂዱና ይንገሯቸው፣ አታለላችሁኝ ይበሏቸው» አልኳቸው።

«የጠጣሁት ውሃ ነበር» አሉኝ። «ለጠጣሁት ነው ያመሰገንኩ። ሹክርን ከረቢ ላይ መልሼ ልቀበል?»

«እርስዎ አመሰገኑ ተብሎ እኮ ነው ሴቱ ወገቡ የሚቆረጠው።»

ከዚያ የባሰው ከጨፋ በኩል መጣ። በሸለቆው ታች አንድ ገበሬ ከታናሽ ወንድሙ ጋር በማሽላ እርሻ ድንበር ተጣልቶ ዱላ እስከ መማዘዝ ደርሰው ነበር። የታረቁት በአባቴ ሽምግልና ነው፤ ድንበሩ ላይ ድንጋይ ተተክሎ የሹክር ዱዓ ተደርጓል። ይህ ሰውዬ በገበያ ቀን ከሚሴ መጥቶ፣ ሰው በተሰበሰበበት አባቴን «የአንቱ ዱዓማ እንደ ቦኖው ነው፣ ላዩ እንጂ ውስጡ ባዶ» አላቸው። በሳምንቱ ድንጋዩን ነቅሎ የወንድሙን መሬት አረሰ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ታናሽየው ቢላዋውን እየሳለ ነው የሚል ወሬ ደረሰን።

አባቴን እንደዚያ አይቻቸው አላውቅም። ምግብ ቀርቦላቸው እጃቸውን ታጥበው ሳይቀምሱ ይነሳሉ። ቦኖው ቢደርቅ ውሃ ከቦርከና ይቀዳል፤ የአባቴ አሚን ከደረቀ ግን ሁለት ወንድማማቾች ይገዳደላሉ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ፤ በዚያ ቧንቧ ያለቀው ውሃ ብቻ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ ኃላፊዬ ቤታችን ድረስ መጣ። ቦኖው ላይ የቆርቆሮ ጥላ ተሠርቶለት፣ ቀለም ተቀብቶ ነበርና ጥላው ሊመረቅ ነው። ከላይ እንግዶች አሉ። «አባ፣ እንደ ልማድዎ ዱዓ ያድርጉልን» አላቸው። አፌን ልከፍት ስል አባቴ ቀደሙኝና «ኤዬ፣ እመጣለሁ» አሉ። እሱ ከሄደ በኋላ ጮህኩባቸው። በዕድሜዬ አባቴ ላይ የጮህኩት ያን ቀን ብቻ ነው። «ለቆርቆሮ ነው የሚያመሰግኑት?» አልኩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ምግብሽን ብይ» አሉኝ።

በቀኑ ሰፈሩ ሁሉ ጥላው ሥር ተሰበሰበ። ጥላው በእርግጥ ጥሩ ጥላ ነበር። አባቴ ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ተነሱ፣ ቧንቧው አጠገብ ቆሙ፣ እጃቸውን ዘረጉ። ሁላችንም ዘረጋን። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነበር።

«ያ ረቢ፣ ልንጀምረው ያሰብነውን ሥራ አግራልን።»

አንድ አፍታ ማንም አሚን አላለም። ኃላፊዬ አንገቱን ቀና አደረገ።

«መነሻውን አሳምርልን። ሥራውን የሚይዘውን ሰው ልቡን አቅናው። ውሃውን እስከዚህ ድረስ አምጣልን፣ ለማየትም አድርሰን።»

ያቺ ወገቧን የሚያማት ጎረቤታችን ቀድማ «አሚን» አለች። ከዚያ ሰፈሩ በሙሉ አለ፣ ያኔ ውሃው ሲፈስ ካለው በላይ ጠንክሮ። ከላይ የመጡት እንግዶችም በአክብሮት አሚን አሉ፤ ያለቀ ተብሎ በተመረቀ ቦኖ ላይ የመጀመሪያው ዱዓ መደረጉን አላወቁም። ኃላፊዬ ግን አውቋል። ከአንገቱ በላይ እንደ በርበሬ ቀልቶ ነበር። አባቴ ማንንም አልሰደቡም፣ የሰጡትንም ሹክር አልመለሱም። ሥራው ገና አልተጀመረም አሉ፣ ያውም ለአላህ ነገሩት። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ስደርስ ሴቶቹ ባዶ ጄሪካናቸውን ይዘው በሩን ሞልተውታል። ያልተጀመረ ሥራ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ዜናውን እንዳየሁት ጻፍኩ፤ ሽማግሌዎች የውሃው ሥራ እንዲጀመር ዱዓ አደረጉ ብዬ። በሬዲዮ የወጣው ግን «የሀገር ሽማግሌዎች ለተጠናቀቀው ፕሮጀክት ምስጋና አቀረቡ» የሚል ነበር።

ሬዲዮው ደግሞ ጨፋ ሮቢት ድረስ ይሰማል። በሦስተኛው ቀን ድንጋዩን የነቀለው ገበሬ በራችን ላይ ቆመ። አባቴ ደጅ ላይ ከጎረቤቶች ጋር ተቀምጠዋል። «ያው ለደረቀው ቦኖ ደግመው አመሰገኑ አሉ» አላቸው። «እንግዲህ የእኔም ድንበር እንደዚያው ነው፣ ወንድሜ ቢመጣ እጠብቀዋለሁ።»

«አላመሰገንኩም» አሉ አባቴ።

«ሬዲዮው ዋሸ?»

አባቴ ወደ እኔ ዞሩ። ጎረቤቶቹም ዞሩ። ሰውዬውም የእነሱን ዓይን ተከትሎ አየኝ። ሬዲዮውን ማን እንደሚጽፈው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ከጎረቤቶቹ መሀል አንዱ የኃላፊዬ አጎት ነበር፤ የምናገረው ቃል ሳይመሽ እንደሚደርሰው አውቄያለሁ። ፈርቼ ነበር። ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ በለጠ።

«አዎ፣ ዋሸ» አልኩ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እንደዚያ ብዬ አልጻፍኩም፣ ቀይረውታል። አባቴ ሥራው እንዲጀመር ነው የለመኑት። ወላሂ።»

«ወላሂ እውነቷን ነው፣ አሚን ያልኩት እኔው ነኝ» አለች ጎረቤታችን ከጓሮ።

ሰውዬው መሬት ላይ፣ ከአባቴ እግር ሥር ተቀመጠ። «ያ አባ፣ የማያልቀውን አለቀ እንደማይሉ ካወቅኩ ይበቃኛል። ነገ ድንጋዩን እመልሳለሁ፣ መጥተው ይዩ» አለ። አባቴ ከወር በላይ እንደዚያ በልተው አያውቁም፤ ያን ቀን ግን ምሳቸውን ጠርገው በሉ።

ሰኞ ቢሮ ስገባ ጠረጴዛዬ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ወደ ንብረት ክፍል ተዛውረሻል ተባልኩ። ወንበርና መጥረጊያ ልቆጥር ማለት ነው። እየጨስኩ ወደ ቤት ተመለስኩ። ማንን እንደምከስ፣ የት እንደምሄድ፣ ምን እንደምል መንገዱን ሙሉ ሳሰናዳ ነው የመጣሁት። የበደሉኝን ሁሉ አስከፍላቸዋለሁ ብዬ ነበር።

አባቴ እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ።

«አባ፣ ተዉ» አልኩ፣ ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገብቶኝ። «ይህንን አይዝጉብኝ። እከሳለሁ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ። «ልጄን ከዚያ ወንበር ላይ በሰላም ላነሳት ጌታ። በአንደበቷ ወንድማማች ላስታረቀ። አልሐምዱሊላህ።» ዓይናቸውን ገልጠው አዩኝ። «አሚን በይ እንጂ።»

በሕይወቴ እንደዚያን ቀን የተናደድኩበት ጊዜ የለም። አሚን አልኩ።