ፍርድ ቤት የረታሁበት ፈቃድ

ወደ ካናዳ ልሄድ ከሐይቅ ከተማ የወጣሁ ማታ አባቴ መኪናው ድረስ ሸኝቶኝ ዱዓ አደረገልኝና የምጠየቀውን ሁሉ እውነቱን እንድናገር አደራ አለኝ። አባቴ የተጣላ በዱዓ የሚያስታርቅ አበጋር ነው፤ ከአምባሰል ድረስ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እርቅ ፍለጋ ወደ እሱ ይመጣል። ሕግ እየተማርኩ ክረምት ክረምት ቤት ስመለስ አጠገቡ ተቀምጬ ሕጉ ምን እንደሚል ለባለጉዳዮቹ አስረዳ ነበር።

ካናዳ ገብቼ እንደገና ተማርኩ፤ ፈተናውንም አልፌ ጠበቆችን ለሚቆጣጠረው ቦርድ የጥብቅና ፈቃድ አመለከትኩ። ያለ ፈቃድ የሕግ ምክር ሰጥቼ እንደማውቅ ሲጠይቁኝ የአባቴ አደራ ትዝ አለኝና አዎ ብዬ ከነታሪኩ ጻፍኩ። የቦርዱ ሠራተኛ ጠራችኝ።

«የአባትሽ የፈቃድ ቁጥር ስንት ነው?»

«ቁጥር የለውም።»

«ታዲያ ማን ፈቀደለት?»

«የተጣሉት ሰዎች» አልኳት አንገቴን ደፍቼ። እሱንም ጻፈችው።

ባሕርይሽ ለሙያው አይመጥንም ተባልኩ። ሰው ፊት መናገር የምፈራዋ ልጅ ቦርዱን ፍርድ ቤት አቆምኩት። ዳኛዋ ቦርዱ መከላከያዬን ሳይሰማ፣ ምክንያቱንም በቅጡ ሳይገልጽ ወስኗል ብላ ውሳኔውን ሻረችው። ነገር ግን ፈቃድ መስጠት የፍርድ ቤቱ ሥልጣን አይደለምና ጉዳዬን እንደገና እንዲያየው ለዚያው ቦርድ መለሰችው። እኛ ዘንድ ነገር ሲያልቅ ባለጉዳዮቹ ከአንድ ትሪ ሳይበሉ አይለያዩም፤ እዚህ የቦርዱ ጠበቃ ኮቱን ለብሶ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ ወደ በረዶው ወጣ።

ያቺው ሠራተኛ እንደገና ጠራችኝ። አሁን የፈለጉት አባቴ ካስታረቃቸው ሰዎች አንዳንዶቹ ስለ ጠባቸውና ስለ ሰጠኋቸው ምክር እንዲመሰክሩ ነው። ለአባቴ ደውዬ ቦርዱ የፈለገውን ነገርኩትና አርዲቦ ሐይቅ ዳር በመሬት ተጣልተው የነበሩትን ሁለት ወንድማማቾች አነሳሁበት።

«በዱዓ የተዘጋ ጠብ እንደማይነሳ ታውቂያለሽ» አለኝ።

«አውቃለሁ አባ።»

«ዘንድሮ አብረው ነው ያረሱት። ደግሞ ረታሁ አላልሽኝም?»

«ረትቻለሁ።»

«ታዲያ ከረታሽ የቦርዱ ሰዎች ምን ቀራቸው?»

ሕግ የተማርኩት እኔ ነኝ፤ የዳኛዋን ውሳኔ ግን ላስረዳው ጀምሬ መሃል ላይ ተውኩት። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አብሽሪ ልጄ» አለኝ። «ግድ ከሆነብሽ ወንድማማቾቹን እጠይቃቸዋለሁ። ጠይቃቸው በይኝ ብቻ።»

መስኮቴ በብርዱ ጉም ለብሷል።

«አለሽ?» አለኝ።

«አለሁ አባ» አልኩት። ጠይቃቸው የሚለው ቃል ግን ከአፌ አልወጣም፤ አትጠይቃቸው የሚለውም አልወጣም።