አማርኛ የሚያውቀው ሲዲ

ዲላ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ክፍል ስሠራ፣ ሌሎቹን ኮምፒውተሮች የሚያገለግል አዲስ ሰርቨር መጣልን። የፈቃድ ክፍያ የሌለው ሊኑክስ የተባለ ሥርዓተ ክወና እንደሚጫንበት ተወስኖ ነበር፤ ከብዙዎቹ ዓይነቶች የትኛው እንደሚሻል ግን ከባልደረባዬ ጋር መግባባት አልቻልንም። እሷ ጌዴኦ ውስጥ ያለችው የቡሌ ልጅ ናት፤ ያመነችበትን በቀላሉ አትለቅም። ለሙከራ እሷ የመረጠችው ዓይነት ያለበትን ሲዲ አስገባን። ቋንቋ ምረጡ ሲለን፣ ከእንግሊዝኛው በላይ «አማርኛ» የሚል ተጽፎ አየሁ። ሰርቨር በፊደላችን ሲያናግረኝ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ከወንበሬ ተነሣሁ።

«በቃ፣ ይሄንን እንጫን» አልኳት።

«የአንተንስ አንሞክረውም?»

«የእኔው ሲዲ አማርኛ አያውቅም። ይሄን ማን ተረጎመው?»

«ፈቃደኛ የሆነ ሰው ነዋ። ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ማንም መተርጎም ይችላል።»

ጭነን እንደጨረስን ሰርቨሩ ያለ እንከን ተነሣ። እሷ ግን ሌላ ሐሳብ ይዟት ነበር።

«ጌዴኦኛ የለውም» አለች፤ ወዲያውም ወንበሯን ስባ የትርጉም ፋይሎቹን መፈለግ ጀመረች።